እናቴ ያልሠራችው ሾርባ

እናቴ ጨካኝ ናት ብዬ ያልነገርኩት ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ለአስተማሪዬ ነግሬያለሁ፣ ለባለሱቁ ነግሬያለሁ፣ የጎረቤታችን ውሻ አፍ ቢኖረው እሱም ይመሰክርብኛል። ያኔ አሥር ዓመቴ ነው። ዛሬ ሃምሳ ስድስት ሞልቶኛል። መንጃ ፈቃድ ለሚፈልጉ ሰዎች ፍሬን የቱ እንደሆነ እያሳየሁ ነው የምተዳደረው፤ ያኔ ግን የገዛ አፌ ፍሬን አልነበረውም።

ከተማችን ጀርባዋን ለተራራ ሰጥታ ባሕር ዳር የተቀመጠች የዓሣ ወደብ ነበረች። የውርጩ ወር ሲገባ ጀልባዎቹ ዓሣውን አራግፈው ይመለሳሉ፣ ሴቶቹ ሆዱን ቀድደው ያጸዱታል፣ ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆኖ እንጨት ላይ ይሰቀልና ነፋስና በረዶ ሲፈራረቅበት እንደ ፍልጥ ይደርቃል። ይህን ደረቅ ዓሣ ቡጎ እንለዋለን። ባል ሲጠጣ ካመሸ ሚስት በማግስቱ ማለዳ ተነስታ ቡጎውን ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ታጋድመውና በእንጨት መዶሻ ትቀጠቅጠዋለች፤ ካልተቀጠቀጠ ጥርስ አይደፍረውም። ሲላላ ትቦጫጭቀዋለች፣ በሰሊጥ ዘይት ጠበስ ታደርገዋለች፣ ፍጅልና እንቁላል ጨምራ ሾርባ ትሠራዋለች። ሆድ ያረጋጋል፣ ስካር ያበርዳል ይባላል።

ድምፁ ግን ከሾርባው ይበልጥ ነበር። ጠባብ መንገዳችን ላይ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው ስለነበር ማን ሲጠጣ እንዳመሸ፣ የትኛዋ ሚስት ይቅር እንዳለች በማለዳ በጆሯችን ነበር የምናውቀው። መዶሻው ከተሰማ ነገሩ አለቀ፤ ባልየው ራሱን ይዞ ይነሳል፣ ሾርባው ይቀርባል፣ የትናንቱ ትናንት ሆኖ ይቀራል። ሴቶቹ የውሃው ቧንቧ ጋ ሲገናኙ፣ ዛሬ ደግሞ አብዝተሽዋል፣ የቀጠቀጥሽው ዓሣውን ነው ወይስ እሱን፣ እየተባባሉ ይሳሳቁ ነበር።

ከመንገዱ ሁሉ መዶሻ የሚበዛበት የእኛ ቤት ነበር። አባቴ ፓንሱ ይባላል። ሰው እሱን መጥላት አይችልም። ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ እስከ ወደቡ ጫፍ ይወስደኛል፣ ከዓሣ አጥንት መርፌ ይሠራልኛል፣ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። ሲጠጣም እጁን አያነሳም፣ አይሳደብም። ዝም ብሎ ይጠፋል፤ ሥራ ይቀራል፣ ጀልባው ጥሎት ይሄዳል። እናቴ ኦክቡን ካፒቴኑ ዘንድ ሄዳ፣ የግምራን አባት ሆዱን አሞት ነው፣ ብላ አንገቷን ትደፋለች። ግምራን እኔ ነኝ። ከዚያ ወደ ወደቡ ትሄድና እስኪመሽ በክፍያ የሌሎችን ዓሣ ሆድ ትቀድዳለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ሲጋራውን እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው። እኔም አጠገቡ ተኝቼ ነበር። ስነቃ ብርድ ልብሱ ይጨሳል፣ እናቴ ውሃ ትደፋለች፣ የግራ ሹሩባዬ ደግሞ የለም። አባቴ ራሱን ይዞ አለቀሰ። እናቴ መቀስ አምጥታ የቀረውንም ፀጉሬን እንደ ወንድ ልጅ አድርጋ ቆረጠችው። ቅጣት መሰለኝ። በማግስቱ ትምህርት ቤት፣ እናቴ ክፋት ስላለባት ፀጉሬን ቆረጠችው፣ ብዬ አወራሁ። እሳቱን ሳወራ ግን አስቂኝ ነገር አድርጌው ነበር፤ ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ዛሬ ያ እሳት ሁለት ጣት ያህል ቢጠጋ ኖሮ ፊቴ ምን ሊሆን እንደነበር ሳስብ መኪናውን ዳር አስይዤ አቆማለሁ።

በዚያው ሳምንት እሑድ እኩለ ቀን ላይ እናቴ አባቴን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው። ያን ቀን ጠጥቶ አልነበረም። ከሥሩ በእሳት የሚሞቀው ወለላችን ላይ ተጋድሜ የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ ጆሮዬን ጣልኩ።

"ሳትጠጣ የመጣህ ቀን ቤቱም ሳህኑም ያንተ ነው። ልታከም ያልክ ቀን ደግሞ ሥራዬን ጥዬ አብሬህ እሄዳለሁ፤ ግን ጎትቼ አልወስድህም፣ በእግርህ ትመጣለህ። ጠጥተህ ከመጣህ በሩ አይከፈትም። ሾርባም አልሠራም። ካፒቴኑ ዘንድ ሄጄ አሞታል ብዬም አልዋሽም።"

እኔ የያዝኩት የመጨረሻውን ነው። በሩ አይከፈትም፣ ሾርባም የለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአንድ ጆሮዬ ገብተው በሌላው ወጡ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። አባቴ፣ ምን አደረግሁሽ፣ አለና እንደ ልጅ አኮረፈ፤ እኔም ከእሱ ጋር አኮረፍኩ።

እናቴ ቃሏን ጠበቀች። አባቴ ሁለት ቀን እንኳ አልቆየም። በሩ ሲዘጋበት ግድግዳ የምትጋራን ታላቅ እህቱ ዘንድ እየሄደ ያድር ጀመር። አክስቴ ባሏን ባሕር የበላባት፣ የባሕር አረም የምትሸጥ ሴት ነበረች። ወንድሟን ታስገባዋለች፣ ታስተኛዋለች፣ ቡጎ ግን አትቀጠቅጥለትም፤ የሚስት ሥራ ነው ትላለች፣ ያቺ ትፈር ብላ። ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት እጄን ይዛ ታስቆመኝና፣ አባትሽ ሆዱ ነዶ አደረ፣ ያቺ እናትሽ ደግሞ መዶሻ ማንሳት ተጠይፋለች፣ እንዲህ ሆኖ ቢሞት ማን ገደለው ሊባል ነው፣ ትለኛለች። እኔ እሰማለሁ፣ ሆዴ ውስጥ አጠራቅማለሁ። መንገዱ በሙሉ ጆሮውን ወደኛ ደጃፍ አድርጎ መዶሻ ይጠብቅ ነበር፤ የሚሰማ ሲጠፋ ደግሞ የውሃው ቧንቧ ጋ እናቴ ስትደርስ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ቦርሳ ስታዘጋጅ ደረስኩ። የአባቴን ካልሲ፣ የውስጥ ልብስ፣ ፎጣ እያጣጠፈች ትከታለች። ለማን ነው ብላት፣ ለአባትሽ፣ አለችኝ። የት ሊሄድ ነው ብላት፣ ከሄደ አይተን እንነጋገራለን፣ አለች። ሌላ ምን ያስፈልገኛል? ልታባርረው ነው። ቦርሳውን በግቢው አጥር አሻግራ ለአክስቴ ስታቀብላት አየሁ፤ አክስቴም ክፉ ነገር ሳትናገር ተቀበለቻት። ሁለቱ ተስማምተውበታል ማለት ነው፣ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ አባት የሌለኝ ልጅ ሆኜ አደርኩ።

ጠዋት እናቴ የሰርግ ቀን ብቻ የምትለብሰውን ሰማያዊ ካፖርት ለበሰች። ፀጉሯን በውሃ አስተኛች። ሥራ አልገባም፣ ጉዳይ አለኝ፣ ሩዝሽን ብዪና ትምህርት ቤትሽ ሂጂ፣ ብላኝ ገና ሲነጋጋ ወጣች። ሲያባርሩት እንኳ ተሽቀርቅራ፣ አልኩ በልቤ። አሥር ዓመት ለማሰብ አጭር ነው፣ ለመፍረድ ግን በቂ ነው።

ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። የሾርባው ድምፅ ከቤታችን ከተሰማ ነገሩ ሁሉ ያልቃል። አክስቴ ትሰማለች፣ መንገዱ ይሰማል፣ አባቴ ይሰማል፤ እናቴም ብትመጣ ይቅር ያለችውን ሰው ማባረር አትችልም። ኮርኒሱ ሥር ከተንጠለጠለው አንድ ቡጎ አወረድኩ። መዶሻው ከብዶኝ በሁለት እጄ አነሳሁት። የመጀመሪያው ምት ዓሣውን፣ ሁለተኛው ድንጋዩን፣ ሦስተኛው አውራ ጣቴን አገኘ። ጥፍሬ ጠቆረ። እንባዬ እየወረደ ቀጠቀጥኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት የኮራሁበት ቀን የለም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ፤ የእኔ ግን በቅቶ ተረፈ።

ዓሣውን ቦጫጭቄ ድስት ውስጥ ጨመርኩ፣ እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ስብርባሪ ደፋሁበት። ሳህን ውስጥ ስገለብጠው አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ንጹህ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጢሙን ተላጭቷል፣ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል። ፊቱ ግራ ተጋብቶ ነበር።

"እናትሽስ?" አለኝ።

"ሥራ ሄደች። ሾርባውን ለአባትሽ ስጪው ብላ ነው የሄደችው።"

እንዴት ቀለለኝ። አስቤ እንኳ አልዋሸሁም፤ ውሸቱ ራሱ ምላሴ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ የነበረ ይመስላል። ጣቴን ከኋላዬ ደበቅሁ። አባቴ ቦርሳውን አስቀመጠ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ማንኪያ ቀምሶ ዓይኑ እንባ ሞላ። የእናትሽ እጅ ነው፣ አለ። ሳህኑን ጠርጎ በላና፣ ወለሉ እንደሞቀ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ትምህርት ቤት ቀርቼ እግሩ ሥር ተቀምጬ ጠበቅኩት።

እናቴ የመጣችው እኩለ ቀን ላይ ነው። አፍንጫዋ በብርድ ቀልቷል። አባቴን አየችው፣ ቦርሳውን አየችው፣ ባዶውን ሳህን አየችው፣ ከዚያ እኔን። በጨርቅ የጠቀለልኩትን ጣቴን ይዛ ፈታችው፣ በቀዝቃዛ ውሃ አጠበችው፣ እንደገና አሰረችው። አልተቆጣችም፣ አልጠየቀችም። ጥፋቷ ስለገባት ነው ዝም ያለችው ብዬ አሰብኩ። አባቴ ነቅቶ፣ አመሰግናለሁ የግምራን እናት፣ ሾርባው ሕይወት ሰጠኝ፣ ሲላት ካፖርቷን እያወለቀች ነበር።

"ሾርባውን እኔ አልሠራሁትም፤" አለችው። "አውቶብሱ ነገም አለ።"

አባቴ ሳቀ። አፍራ ነው የካደችው ብሎ ነው። እኔም እንደዚያው መሰለኝ። አውቶብስ ያለችውን ደግሞ የምታባርርበት አውቶብስ አድርጌ ነው የተረዳሁት። እናቴ የሥራ ልብሷን ለብሳ ወደ ወደቡ ሄደች፤ አባቴ ደግሞ ደስ ብሎት፣ ለጓደኞቹ ሊያበስር ወጣ። ያን ዕለት ማታ በሩ ተዘግቶ ነበር ያገኘው።

በማግስቱም አውቶብስ አልተሳፈረም። በሳምንቱም። ወሩ ሲያልቅ እናቴ ከወደቡ ማዶ አንዲት ክፍል ተከራየችና እኔን ይዛ ወጣች። እዚያም ሕጉ ያው ነበር። አባቴ ሳይጠጣ የመጣ ቀን ትልቁን ሳህን ታቀርብለታለች፣ የዓሣውን ጉንጭ ታወጣለታለች፣ ሲስቅ አብራ ትስቃለች። እነዚህ ቀኖች ነበሩ፤ ብዙም ነበሩ። እኔ ግን የቆጠርኩት በሩ የተዘጋባቸውን ብቻ ነው።

እዚያች ክፍል በገባን በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አክስቴ መንገድ ላይ አግኝታኝ አባትሽ ደም አስታወከው አለችኝ። እየሮጥኩ ወደብ ደረስኩ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፣ መሃላቸው በበርሜል እሳት ይነድዳል፣ እናቴ ቢላዋዋን ይዛ እስከ ክርኗ በደም ተነክራለች። ያ ሁሉ ያጠራቀምኩት ነገር በአንዴ ወጣ።

"አባቴ ቢሞት የገደልሽው አንቺ ነሽ!" አልኳት። "አንቺ ሚስት አይደለሽም። እናትም አይደለሽም። ምነው ባሕሩ አንቺን ቢበላሽ!"

ቢላዋዎቹ ሁሉ ቆሙ። አንዲት አሮጊት ከንፈሯን መጠጠች፣ አንዷ ወደ እሳቱ ዞረች። እናቴን የሚያግዝ አንድ ቃል ከአንዳቸውም አልወጣም። እሷ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ዓሣ አነሳች። እኔ ደግሞ ተሸነፈች ብዬ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አባቴ በሁለተኛው ዓመት በውርጩ ወር ሰክሮ ከወደቡ ግንብ ላይ ወደቀ። ለቀብሩ ነጭ ልብስ ለብሰን ስንሰበሰብ አክስቴ እናቴ ላይ ተነስታ፣ የገዛ ልጅሽ ገዳይ ናት ያለችሽ አንቺ አይደለሽም ወይ፣ አለቻት፣ እዚያው ሰው ሁሉ ፊት። ቃሌ ከእኔ ቀድሞ ከቤት ቤት ዞሮ ነበር። እናቴ አንገቷን ደፋች። እኔም አጠገቧ ቆሜ ነበር፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ያኔ አፌ የት እንደገባ አላውቅም።

ካደግሁም በኋላ እናቴን ሩቅ አድርጌ ያዝኳት። በበዓል እሄዳለሁ፣ ስጦታ እወስዳለሁ፣ አድሬ እመጣለሁ። ከልብ አላወራትም። ዛሬ የማፍርበት ነገር ብዙ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ እናቴን እንደ ጎረቤት መጠየቄ ግን ከሁሉ ይብስብኛል።

ከአራት ዓመት በፊት አክስቴ ታማ ልጠይቃት ሄድኩ። እርጅና አለስልሷት ነበር። እጄን ይዛ ስለ ወንድሟ ስታወራ እንደዋዛ አነሳችው። ያን ጠዋት ሆስፒታል ሊገባ ነበር አለችኝ፤ ከተማ ሄዶ ሊታከም። ሦስት ቀን ሙሉ ጠብታ አልቀመሰም፣ እየተንቀጠቀጠ ነበር ያደረው። እናትሽ አውቶብሱ የሚቆምበት ማዞሪያ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር፣ በእግርህ ና ብላዋለች። ጫማውን አጥልቆ፣ ቦርሳውን ይዞ ሊወጣ ሲል ከቤታችሁ መዶሻ ተሰማ። አንድ ሁለቴ አዳመጠና፣ እህቴ ሰማሽ፣ ይቅር ብላኛለች፣ መሄድ አያስፈልገኝም፣ አለ። አክስቴ ይህን ስትነግረኝ ፈገግ እያለች ነው፤ የቀጠቀጥኩት እኔ መሆኔን እስክትሞት አላወቀችም።

ከእሷ ቤት ወጥቼ መኪና ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቁጭ አልኩ። ተማሪዎቼን እቆጣለሁ እኮ፣ መስታወት ሳታዩ አትነሱ እያልኩ። አራት ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ባለፈው መከር ነው እናቴ ዘንድ የሄድኩት፣ ልናዘዝ።

ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ሸራ ዘርግታ የደረቀ በርበሬ ጭራውን እየቀነጠሰች ነበር፤ ጓንት አድርጊ ብትባል አትሰማም። አጠገቧ ተቀምጬ እኔም መቀንጠስ ጀመርኩ። ስለ ዋጋው አወራን፣ ስለ ጉልበቷ አወራን። ከዚያ እጄን አቆምኩ።

"እማዬ፣ ያን ጠዋት ሾርባውን የሠራሁት እኔ ነኝ። አንቺ ሰጠሽው ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። አባቴን ከሕክምናው ያስቀረሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ፤" አለች፣ ቀና ሳትል። "የዚያኑ ቀን ነው ያወቅሁት። ጣትሽን ያጠብኩት እኔ አይደለሁ?"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ? አንቺ አሥር ዓመትሽ፣ እሱ አርባ አንድ። አውቶብሱ በማግስቱም ነበር። በየጠዋቱ ነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። ያን ሁሉ ጠዋት ማን ሾርባ ሠራለት?" አንድ በርበሬ ቀነጠሰች። "እወደው ነበር። ከልቤ ነው የምወደው። ግን የእሱን እኔ ልኖርለት አልችልም፤ ብሞክር ሦስታችንም እናልቅ ነበር። ሾርባው ያንቺ አይደለም ግምራን። እኔም አልተሸከምኩትም፣ አንቺም ተይው።"

አራት ዓመት ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ተነሳ። እፎይ አልኩ፤ አዎ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ምሳ ልሥራልሽ ብዬ ልነሳ ስል ቀጠለች።

"ወደብ ላይ ያልሽኝ ግን ያንቺ ነው።"

ተመልሼ ተቀመጥኩ።

"እሱን ይዘሽ ትመጫለሽ ብዬ ስጠብቅ ኖርኩ፤ አንቺ ሾርባ ይዘሽልኝ መጣሽ። ያኔስ ልጅ ነሽ። ሲቀበርስ? ስታገቢስ? ልጅ ወልደሽ ስታሳድጊስ? እዚያች ወደብ ላይ ከእነዚያ ሴቶች ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ቁጭ ብዬ ሠርቻለሁ እኮ። አንድም ቀን አልረሱትም።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። ይቅር በይኝ አልኳት። የቱን፣ አለች። ወደብ ላይ ያልኩትን፣ አልኳት።

"ምን ነበር ያልሽው?"

ታውቀዋለች። እንድለው ነው የፈለገችው። ያን ቃል በሃምሳ ስድስት ዓመት አፌ፣ አንድ በአንድ፣ ምንም ሳልቀንስ ተናገርኩት፣ ባሕሩ አንቺን ቢበላሽ እስከሚለው ድረስ። እናቴ አንገቷን ወደኔ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"አዎ፤" አለች። "እሱን ነው ያልሽው።"

ከዚያ አለቀሰች። ለአባቴ ቀብር እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሰች ሴት። እንባዋን ልትጠርግ እጇን ስታነሳ በርበሬውን አስታወስኩና እጇን አየር ላይ ያዝኩት። ዓይንሽን እንዳትነኪ አልኳት፤ በእጅጌዬ ጠረግሁላት፣ እጇንም አልለቀቅኩም።